ፍሬን ያልያዘው የፊት መኪና

የምሠራው ስምሪት ክፍል ነው። አንዳንዴ ከሹፌሮቻችን ጋር መስክ እወጣለሁ። ያን ቀን መሪ የያዙት አንጋፋው ሹፌራችን ነበሩ። እኔ ጋቢና ነኝ፤ ከኋላ አንድ ወጣት ባልደረባችን ተቀምጧል። ከፊታችን ሸራ የለበሰ ትልቅ የጭነት መኪና ይሄዳል። ፍጥነታችን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሹፌሩ በጣም ርቀው ነው የሚከተሉት። ክፍተቱን ያየ ሁሉ ቀድሞን ይገባበታል። አንድ መኪና በገባ ቁጥር እሳቸው እግራቸውን ከነዳጅ አንስተው እንደገና ይርቃሉ። የገቡት የጭነት መኪናውንም ቀድመው ሄዱ፤ እኛ ከሸራው ኋላ ቀረን። ባልደረባችን አልቻለም።

«ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ! እንዲህ ከሆነ መቼም አንደርስም።»

«ከሸራው ፊት ያለው ይታይሃል?»

«ኧረ አይታየኝም።»

«ለእኔም አይታየኝም» አሉና ዝም አሉ።

ትንሽ እንደሄድን የጭነት መኪናው ድንገት ወደ ግራ ሸሸ። የፍሬን መብራቱ ጭራሽ አልበራም። ሸራው ከፊታችን ገለል ሲል የተበላሸ መኪና መንገዳችን ላይ ተገትሯል። ፍሬቻ የለ፣ ምልክት የለ። ሹፌሩ ፍሬን ያዙ። ቀበቶው ደረቴን ጨመቀኝ፣ የባልደረባችን ውኃ እላዩ ላይ ተደፋ፣ ቆምን። ከኋላችን ማንም አልነበረም፤ እሱ እንኳን ዕድል ነው።

ቢሮ ስመለስ ሒሳቡን ሠራሁት። በ80 የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ብዙዎቻችን የተማርነው ደንብ፣ ከፊተኛው መኪና የሁለት ሰከንድ ርቀት መተው፣ እንግዲህ 44 ሜትር ነው። ያልጠበቀውን ነገር ያየ ሰው እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር ሄደ። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ በደህና ፍሬን፣ ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ድምሩ 68 ነው። የቆመው መኪና የታየን ደግሞ የጭነት መኪናው ጭራ እሱ ጋ ሊደርስ ሲል ነው። ሁለት ሰከንድ ብቻ ርቀን ቢሆን ኖሮ ገብተንበት ነበር።

ታዲያ ደንቡ ስህተት ነው? አይደለም። የፊተኛው ፍሬን ሲይዝ እሱም እስኪቆም መንገድ ይበላል፤ ያ መንገድ ለኋለኛውም ይተርፈዋል። ሁለት ሰከንድ የሚበቃው ለዚህ ነው። የፊተኛው ሳይቆም ከሸሸ ግን የሚተርፍ መንገድ የለም። ስለዚህ ከፊቱ ያለውን ከሚጋርድ መኪና ኋላ ሹፌሩ አራት ሰከንድ ይተዋሉ፤ በ80 ወደ 89 ሜትር መሆኑ ነው። ዝናብ ከሆነ ወይም ጭነት ከበዛ ከዚያም ይጨምራሉ።

ስንመለስ ባልደረባችን ጋቢና መጣ። እሳቸውም አቆጣጠሩን አሳዩት። ዳር ላይ ያለ ምሰሶ ይመረጣል። የፊተኛው ጭራ ምሰሶውን ሲያልፍ «ሺህ አንድ፣ ሺህ ሁለት» እያሉ እስከ አራት መቁጠር ነው። ቆጠራው ሳያልቅ የእኛ አፍንጫ እዚያ ከደረሰ ተጠግተናል ማለት ነው። ርቀትን በሜትር ልገምት የሚል ሰው በእኔ እምነት ራሱን ያታልላል፤ እየሄዱ 44 ሜትርን ከ30 መለየት ቀላል አይደለም።

ስለሚገቡብን መኪኖችም ጠየቃቸው። «አንዱ ሲገባብህ የምትከስረው ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው፤ ስጠው» አሉት።

አሁን አዲስ ሹፌር ስንፈትን ድምፁን አውጥቶ እንዲቆጥር እናደርጋለን። አንዳንዱ አራት ለመሙላት ሲል ቆጠራውን ያጣድፈዋል። ስለዚህ እኔም ጎኑ ቁጭ ብዬ በሰዓት እይዝለታለሁ።