ባለ 12 ክር ጊታር ስትመርጡ፦ ዓይን ይቅደም፣ ጆሮ ይከተል

ባለ 12 ክር አኮስቲክ ጊታር ሱቅ ውስጥ ሲገረፍ የማያምር የለም። ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚጮኹ ርካሹም ውዱም ለአምስት ደቂቃ እንደ ደወል ያቃጭላል። ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ድምፁን ሰምቶ ይከፍላል፤ ውሎ አድሮ አንገቱ ይጎብጣል፣ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ከፊቱ እንጨት መላቀቅ ይጀምራል። ስለዚህ ይህን ጊታር መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በእጅ፣ መጨረሻ ላይ በጆሮ ፈትሹት።

ነገሩ የጉልበት ጉዳይ ነው። የክር ቁጥር ውፍረቱን በኢንች ሺኛ ይናገራል። ባለ 6 ክር አኮስቲክ ከ12 እስከ 53 ባለው የተለመደ ስብስብ ሲቃኝ ክሮቹ በድምሩ 75 ኪሎ ገደማ ይጎትታሉ። ባለ 12ቱ ግን ከ10 እስከ 47 በሚባለው ቀለል ያለ ስብስብ እንኳ ከ110 ኪሎ በላይ ይጎትታል። ይህ ጉልበት ጊታሩ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቶም አያርፍም፤ አንገቱን ወደ ፊት፣ ብሪጁን ወደ ላይ ይስባል። የጊታር አምራቹ ጊልድ በአንዳንድ ባለ 12 ክር ጊታሮቹ አንገት ውስጥ በአንድ ፈንታ ሁለት የብረት ዘንግ የሚከተው ለዚሁ ነው።

ለፍተሻው ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ሁለት ወረቀት ይበቃል። አስቀድሞ ግን ጊታሩ እስከ ትክክለኛ ድምፁ ይቃኝ። ክሩ ላልቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጊታር ስለ አንገቱ ምንም አይነግራችሁም፤ ሻጩ «ኋላ ትቃኙታላችሁ» ካለ እዚያው ቃኙት። ከዚያ ማስመሪያውን በ3ኛውና በ4ኛው ጥንድ መካከል ፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ የተተከሉት የብረት መስመሮች፣ ላይ አጋድማችሁ ወደ ብሪጁ ግፉት። ጫፉ የብሪጁን አናት ጫር አድርጎ ካለፈ ወይም ትንሽ ከፍ ካለ አንገቱ ጤነኛ ነው። ከአናቱ ወርዶ የብሪጁን ግንባር ከገጨ ግን የአንገቱ ማዕዘን ወድቋል። ይህ በዘንግ ማጥበቅ አይድንም፤ አንገቱ ተነቅሎ እንደገና መተከል አለበት፣ ዋጋው ደግሞ አንዳንዴ ከጊታሩ ይበልጣል።

እዚሁ ላይ አንድ ማባበያ አለ። አንገቱ የወደቀ ጊታር ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል፤ ያንን ለመሸፈን ሳድሉን፣ ማለትም ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ዘንግ፣ ይሞርዱታል። ክሩ ዝቅ ይላል፣ ለጣት ይመቻል፣ ገዢም ይደሰታል። ሳድሉን ከጎን እዩት፦ ከብሪጁ በላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ካለ መልካም፤ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከቀረው ከዚህ በኋላ ዝቅ የሚደረግበት ቦታ የለም።

ቀጥሎ አንገቱ ምን ያህል እንደጎበጠ ለማየት 6ኛውን ወፍራም ክር በ1ኛውና በ14ኛው ፍሬት ላይ አንድ ላይ ጫኑት። 7ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል የሚቀረው ቀዳዳ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ተራ የኮፒ ወረቀት ሁለት እጥፍ እዚያ ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። አራት አምስት እጥፍ ካለፈ ዘንጉ መጥበቅ አለበት፤ ያኔ ሻጩ ፊታችሁ ያጥብቀው፣ ምክንያቱም ዘንጉ ድሮ ተጠብቆ ያለቀለት ሊሆን ይችላል። 12ኛው ፍሬት ላይ ደግሞ የክሩ ከፍታ በወፍራሙ ወገን ከ2 እስከ 2.4፣ በቀጭኑ ወገን ከ1.6 እስከ 1.8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። በባለ 6 ክር 3 ሚሊ ሜትር የሚችል ጣት እዚህ አይችልም፤ በአንድ ጣት የምትጫኑት ሁለት ክር ነው።

ብሪጁን ከኋላ ጠርዙ በቀጭን ወረቀት ሞክሩት። ወረቀቱ ከሥሩ ከገባ ሙጫው መልቀቅ ጀምሯል። ከብሪጁ ኋላ ያለው የፊት እንጨት ጥቂት ጎበጥ ማለቱ የተለመደ ነው፤ አያስደንግጣችሁ። የሚያስፈራው ኋላው አብጦ ፊቱ፣ ወደ ድምፅ ቀዳዳው ያለው፣ ሰርጎ ሲገኝ ነው። በስልካችሁ መብራት ቀዳዳው ውስጥ ግቡና ድጋፍ እንጨቶቹን ተመልከቱ፤ ፊቱን በጣት አንጓ ቆርቆር ስታደርጉ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ አንዱ ድጋፍ ተላቋል።

እንጨቱን በተመለከተ የፊቱ አንድ ወጥ መሆን ይበቃል፤ ጀርባና ጎኑ ተነባባሪ ቢሆን አያሳስብም። ለማወቅ የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ እዩ፦ ከላይ የሚታየው የእንጨት መስመር በጠርዙ ውፍረት ላይ ቀጥሎ ከወረደ ወጥ ነው። ያማሃ ኤፍ ጂ 820-12 ከርካሾቹ ወገን ሆኖ ወጥ የስፕሩስ ፊት አለው። ለጀርባ ማሆጋኒን እመርጣለሁ። ሮዝውድ ባለ 6 ክር ላይ ግሩም ነው፤ 12 ክር ሲጨመርበት ግን ድምፁ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ ይደፈርሳል። ጃምቦ የሚባለውን ትልቅ ሆድ ከሮዝውድ ጋር የወደደ ሰው የጊልድ ኤፍ 512ን ዝና ያውቀዋል፤ ጣዕም ነውና አልከራከርም።

አሁን እጅ። ነት በሚባለው፣ ክሮቹ ከመቃኛዎቹ ወርደው በሚያልፉበት ጠባብ ድልድይ ላይ፣ የአንገቱን ስፋት ለኩ። ባለ 6 ክር አብዛኛው 43 ወይም 44 ሚሊ ሜትር ነው። ለባለ 12 ምቹው 47.6 ሲሆን የቴይለር 150ኢ ለምሳሌ ይህ ስፋት አለው። አንዳንዱ በ44 ላይ 12 ክር ይጨናነቅበታል፤ ጣታችሁ ቀጭን ካልሆነ ዲ ኮርድ ስትይዙ ጎረቤቱን ጥንድ ታፍናላችሁ። የነቱን ሥንጥቆችም አጠገብ ሆናችሁ እዩ። የጥንዶቹ ሁለት ክሮች በጣም ከተቀራረቡ ሲገረፉ እርስ በርስ ይንጫጫሉ፤ ከተራራቁ ጣት አንዱን ይስታል። ወፍራሙና ቀጭኑ አናታቸው እኩል ካልሆነም ቀጭኑ ሳይጫን ይቀራል።

ስለ ጥንዶቹ ካነሳን፦ 1ኛውና 2ኛው ጥንድ፣ ኢ እና ቢ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ናቸው። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ያሉት፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ እና ወፍራሙ ኢ፣ አንዱ በመደበኛ ድምፁ፣ ሌላው በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ድምፅ ቀጥሎ በሚደገምበት ከፍታ፣ ከፍ ብሎ ይቃኛል። እንግዳው ነገር ከሁሉም ከፍ ያለው ድምፅ 1ኛው ክር አለመሆኑ ነው፤ የ3ኛው ጥንድ ቀጭን ጂ ከእሱም ይበልጣል። ብዙውን ጊዜ ቁጥር 8 ነው፣ ፀጉር ያህላል፣ በቅድሚያም የሚበጠሰው እሱ ነው። ብዙዎች ወፍራም በመተካት መፍትሔ ይፈልጋሉ፤ አይሠራም። ክሩ ሲወፍር የሚያስፈልገው ጉልበትም አብሮ ስለሚያድግ የሚበጠስበት የድምፅ ከፍታ ያው ነው። ደጋግሞ ከተበጠሰ የተበጠሰበትን ቦታ እዩ፦ ነት ላይ ከሆነ ሥንጥቁ ሻካራ ነው፣ መቃኛው ላይ ከሆነ የቀዳዳው ጠርዝ ስለት አውጥቷል። ሁለቱም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይድናሉ።

ጆሮ የሚገባው አሁን ነው። መግረፉን ተዉና የእያንዳንዱን ጥንድ ሁለት ክሮች ለየብቻ 12ኛው ፍሬት ላይ እየጫናችሁ ድምፅ በሚለካ መሣሪያ (ቲዩነር) ለኩ። ክሩ ሳይጫን ልክ የነበረው 12ኛው ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የሳድሉ ቅርጽ ጥንዱን አላገናዘበም። ወፍራምና ቀጭን ክር አንድ ሳድል ላይ ሲያርፉ ትንሽ መዛነፍ አይቀርም፤ 7ኛው ፍሬት ላይ የያዛችሁት ባሬ ኮርድ (አንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ የሚጫንበት) ጆሮ የሚያቆስል ከሆነ ግን ተዉት። አንድም ነገር ልብ በሉ፦ ክር እየጎተቱ ዜማን ማጠፍ በጥንድ ክር አይመችም። የትዝታን ወይም የባቲን ዜማ ከነሽርፍራፊው በአንድ ክር ለመጫወት ባለ 6ቱ ይሻላል፤ ባለ 12ቱ ለአጃቢነት ነው።

ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ግማሽ ወይም አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙት፣ ዘፈኑ መደበኛውን ድምፅ ከፈለገ ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ፣ ግማሽ ዝቅ ካለ 1ኛው፣ ሙሉ ዝቅ ካለ 2ኛው ፍሬት ላይ ይቀመጥ። አሜሪካዊው የብሉዝና የሕዝብ ዘፈን ሙዚቀኛ ሌድ ቤሊም ባለ 12 ክሩን ከመደበኛው ብዙ ዝቅ አድርጎ ነበር የሚቃኘው። ካፖው ለሰፊ አንገት የተሠራ ይሁን፤ የባለ 6ቱ ከወፍራሙ አጠገብ ያለውን ቀጭን ሳይጫን ይተዋል። ስትቃኙ ከእያንዳንዱ ጥንድ ወፍራሙን አስቀድሙ፣ ጓደኛውን በጣት አፍናችሁ፤ ሁሉም ሲያልቅ ከመጀመሪያው ድገሙት፣ ምክንያቱም ጉልበቱ እየጨመረ ሲሄድ የቀደሙት ይወርዳሉ።

እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ይስማማዋል። በአዲስ አበባ በበጋው ደረቅ ወራት፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኤሲ፣ በአሜሪካ ክረምት በማሞቂያ ፊቱ ይደርቅና ይሰርጋል። ምልክቱ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅን መቧጨሩ ነው፤ እንጨቱ ሲሰበሰብ ብረቱ ውጭ ይቀራል። ሣጥኑ ውስጥ ቀዳዳ ባለው የሳሙና ዕቃ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አኑሩ። በዚያው ሣጥን ኪስ ሦስት አራት ቁጥር 8 ክር ይቀመጥ፤ ከኤሌክትሪክ ጊታር የ8 ስብስብ 1ኛው ክር ለዚያች ቀጭን ጂ ምትክ ይሆናል።