31ኛው እርምጃ ላይ

ከቼዝ ውድድሩ ገና መግባቴ ነው። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፈው።

የዙሩ ድልድል ሲለጠፍ የእኔ ሬቲንግ (የችሎታ ነጥብ) 1860፣ የተጋጣሚዬ 1460 ይላል። ልዩነቱ 400 ሲሆን ሬቲንግ በሚሰላበት በኤሎ ስሌት፣ ከጨዋታው አንድ ነጥብ ከእኔ የሚጠበቀው 0.92 ነው። ገና ሳልቀመጥ ድሉን በሆዴ ቆጥሬዋለሁ። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች መጥታ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠችና "መልካም ጨዋታ፣ ጋሼ" አለችኝ።

31ኛው እርምጃ ላይ ሩኳን (ግንብ የሚመስለውን ጠጠር) አንቀሳቀሰች፣ "አቻ እንውጣ?" አለች፣ ከዚያ ሰዓቱን ተጫነች። ከሥርዓቱ አንድም አላጎደለችም። እኔ ግን ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት ራሴን በእምቢታ ነቀነቅኩ።

ነጭ ይዤ አንድ ወታደር እበልጣት ነበር። መጨረሻ ላይ ለእኔ ንጉሥ፣ ሩክና ያቺው ወታደር፣ ለእሷ ንጉሥና ሩክ ቀሩ። ንጉሧን ከወታደሬ ፊት አቆመች። ሩኳን ደግሞ ከእኔ በኩል ሲቆጠር ስድስተኛው ረድፍ ላይ አድርጋ የንጉሤን መንገድ ዘጋች። ከዚያ ወዲያ ሩኩን በዚያው ረድፍ ግራና ቀኝ ማመላለስ ብቻ ሆነ። ትዕግሥቴ አለቀና ወታደሩን ወደ ስድስተኛው ረድፍ ገፋሁት። እጇ አልዘገየም፤ ሩኩን እስከ መጀመሪያው ረድፌ አውርዳ ንጉሤን ከኋላ ማጥቃት ያዘች፦ ቼክ፣ አሁንም ቼክ። ንጉሤ ሊጠለልበት ይችል የነበረውን ቤት የገዛ ወታደሬ ይዞታል። ፈረንሳዊው የቼዝ ሊቅ ፊሊዶር በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው መከላከያ ነው። እኔም አውቀዋለሁ፤ እሷ ታውቀዋለች ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

አቻ ጠያቂው እኔ ሆንኩ። ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች።

ከሬቲንጌ 8.4 ነጥብ ይቀነስብኛል፤ ይቀነስ። የሚያቃጥለኝ ያ 31ኛው እርምጃ ነው። ልጅ አክብራ ስትጠይቅ ዓይኗን አይቶ "አይ፣ እንቀጥል" ማለት ምን ይከብዳል?

ስንወጣ ይቅርታ ልላት አስቤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። "ማን አሳየሽ?" አልኳት።

"ወንድሜ። ክረምቱን ይቺን ስንሠራ ነው የከረምነው።" ትንሽ ዝም ብላ፣ "ጋሼ፣ ወታደሩን ባይገፉትስ ኖሮ?" አለችኝ።

ባዶ ቦርድ ፈልገን ተቀመጥን። ዳኛው ዕቃውን ሊሰበስብ ሲመጣ፣ እሷ ሩኳን አሁንም ግራና ቀኝ እያመላለሰች ነበር።