ሥሩ ቆመው የማይታይ ተራራ

ኤቨረስት ድረስ የሄድኩት ጫፉን ለመውጣት አይደለም። ድንበር አናቱን ሰንጥቆ የሚያልፍ ተራራ እንዴት እንደተቀመጠ በዓይኔ ማየት ስለምፈልግ ነው። ደቡቡ ኔፓል ነው፣ ሰሜኑ በቻይና ሥር ያለችው ቲቤት።

መጀመሪያ ግን ንዴት ነበር። በጎብኚ ወቅት የእግር ጉዞው ወደሚጀመርባት ሉክላ የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የሚነሱት ከካትማንዱ ሳይሆን ከራሜቻፕ ነው። ቲኬት የሸጠልኝ ሰውዬ ይሄን የነገረኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው፤ ለመኪናው ደግሞ ሌላ ብር አስከፈለኝ። እኩለ ሌሊት ተነስተን በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ስንላጋ አደርን። የሉክላ ማኮብኮቢያ 527 ሜትር ብቻ ነው፣ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ግድግዳ። ስናርፍ ጮክ ብዬ "ተመስገን!" አልኩ።

ናምቼ ባዛር፣ የቴንግቦቼ ገዳም፣ የሚወዛወዙት ድልድዮች፣ ሁሉም ያምራሉ። ዲንግቦቼ ግን ልቤን ወሰደው። ከፍታው 4,410 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሸን ጫፍ ብዙም አይተናነስም፤ እዚያ ላይ ሰው ቤት ሠርቶ ገብስ ይዘራል! ዛፍ ስለሌለ ምድጃው የሚነደው ያክ በሚባለው ጸጉራም የተራራ ከብት ኩበት ነው። ሽታው ቁርጥ የአያቴ ቤት።

የሎጁ ባለቤት አየት አደረገኝና በዓረብኛ "ሐበሺያ?" አለኝ። ለካ ዶሃ ብዙ ዓመት ሠርቷል፣ እኔም ዱባይ ኖሬያለሁ። ሁለታችንም ከሰው አገር ባመጣነው ቋንቋ እስኪመሽ አወራን። ለምንድነው ይሄን ሁሉ ተጉዤ ተራራው በደንብ የማይታየኝ ስለው ሦስት የሻይ ብርጭቆ አምጥቶ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ደረደራቸው። "ያ ኡኽቲ (እህቴ)፣ ይሄ ኑፕትሴ፣ መሃል ያለው ሎትሴ፣ ወዲያ ያለው ትልቁ። አንቺ የምትሄጂው በዚህ በኩል ነው፣ ኑፕትሴ ከፊትሽ ይቆማል።" በኮቴው ውስጥ ያለው ሸለቆ በበረዶ የተሞላ ነው፤ የኩምቡ የበረዶ ግግር የሚፈሰው ከዚያ ነው። የሻዩን ሂሳብ አልቀበልም አለ።

ጎራክ ሼፕ በሚባለው የመጨረሻ ማደሪያ ያሳለፍኩት ሌሊት ክፉ ነበር። 5,164 ሜትር። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ትንሽ ሸለብ ሲያደርገኝ ትንፋሽ አጥሮኝ እባንናለሁ፣ የመጸዳጃው ውሃ በረዶ ሆኗል። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ 500 ሩፒ! እቃው ሁሉ በሰውና በያክ ጀርባ እንደሚወጣ ስላየሁ የምግቡ መወደድ አልከበደኝም፤ የሶላር መብራት ግን ማንም አይሸከመውም።

ቤዝ ካምፕ፣ ማለትም ጫፉን የሚወጡት የሚሰፍሩበት ቦታ፣ 5,364 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ግማሽ ያህል ነው። እና ከዚያ ሆኖ የኤቨረስት ጫፍ አይታይም። ሰዎች ፎቶ እየተነሱ የሚደሰቱት ተራራውን ሳያዩ ነው። ለማየት ካላ ፓታር የሚባለውን ኮረብታ መውጣት ያስፈልጋል። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ጥቁሩ ጫፍ ከኑፕትሴ ትከሻ በላይ ብቅ አለ። ከኑፕትሴ ያነሰ ይመስላል፣ ከኋላ ስለሆነ ነው እንጂ በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይበልጠዋል። ወደ ግራ ወርዶ ሎ ላ የሚባለው በር አለ፣ ከ6,000 ሜትር በላይ፤ ከእሱ ወዲያ ቲቤት ነው። ድንበር ሲባል ሁሌ ኬላና ወታደር ነበር የሚታየኝ፤ እዚህ ግን በረዶ ብቻ።

ሁለቱ አገሮች በከፍታው እንኳን አይስማሙም ነበር። ቻይና በ2005 ዓለቱን ብቻ ለክታ 8,844.43 ሜትር አለች፣ ኔፓል በረዶውም ይቆጠር ብላ 8,848 ላይ ጸናች። በ2020 አንድ ላይ ሆነው 8,848.86 አሉ። እኔ ኔፓሎቹ ልክ ነበሩ ባይ ነኝ፤ የሚወጣው ሰው የሚረግጠው በረዶውን ነው። ከበረዶው ሥር ያለው ደግሞ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ያለበት የኖራ ድንጋይ ነው፤ የህንድ ምድር እስያን ገፍቶ ያነሳው የባሕር ወለል።

በቲቤት በኩል እስከ ቤዝ ካምፑ አቅራቢያ በመኪና ይደረሳል፣ የሰሜኑም ፊት ሳይሸፈን ሙሉውን ይታያል። ቪዛና የቲቤት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ብር ማጠራቀም ጀምሬያለሁ።