ቶኑን ዝቅ አድርጉላቸው

ድሬዳዋ ውስጥ የድምፅ ሥራ እሠራለሁ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ስብሰባ፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ የሚመጡ የቴሌቪዥን ቀረጻዎች። በዓል ሲደርስ የተረሱ ድምፃውያንን ሰብስቦ ልዩ ፕሮግራም መሥራት ተለምዷል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። የምናስተናግዳቸው መንገድ ግን ያናድደኛል፣ ለዚህም ነው ይሄን የምጽፈው።

የእንቁጣጣሽ ፕሮግራም ነበር፤ ቀረጻው እንደ ልማዱ ቀደም ብሎ በነሐሴ። የጣቢያው ስም ይቅር። ዕቅዱ ለየት ያለ ነው፦ በካሴት ዘመን ስማቸው የገነነ ድምፃውያን በአበባ በተሽቆጠቆጡ ባጃጆች ከከዚራ ተነስተው፣ የደቻቱን ድልድይ ተሻግረው መጋላ ይገባሉ፣ ባጃጅ ላይ እንደተቀመጡ ይዘፍናሉ፣ ከዚያ ቄጤማ በተጎዘጎዘ መድረክ ላይ ከወጣት ተወዛዋዦች ጋር እየጨፈሩ ጥያቄና መልስ ይወዳደራሉ። አደይ አበባው ከደንገጎ በላይ ካለው ደጋ ተጭኖ መጣ። ዘፈኑ በሙሉ ፕሌይባክ ነው። የድሮው ቅጂ ይለቀቃል፣ እነሱ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ባንድ ተጠርቷል፣ እሱም ለማስመሰል።

የድሬን የነሐሴ ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። አመሻሽ ላይ፣ 12 ሰዓት ገደማ ጀመርን። የባጃጁ ነገር በሰላም አለፈ፣ የሰፈሩ ሕፃናት እየሮጡ አጀቧቸው። ችግሩ መድረክ ላይ መጣ።

እትዬ (ስማቸውን አልጠራም) የመጀመሪያዋን ስንኝ ጀመሩ፣ አፋቸው ከድምፁ ጋር አልገጥም አለ። ደግመን ለቀቅነው። ያው ነው። ዳይሬክተሩ ወጣት ነው፣ ሰዓቱ ሄዶበታል። «እትዬ፣ ዝም ብለው አፍዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ» አላቸው። ማይኩን ከአፋቸው አወረዱት።

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ የምትተነፍስበት ቦታ ላይ እኔ ዛሬ አልተነፍስም። ደሞ እኔ እንዲህ ቀጭን ሆኜ አላውቅም።»

ስለ ቀጭኑ ድምፅ ትክክል ነበሩ። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ማጫወቻው 6 በመቶ ያህል ከፈጠነ ዘፈኑ ግማሽ ቶን፣ ማለትም አንድ የኪቦርድ ቁልፍ ያህል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ድምፃዊቷም ልጅ እግር ትመስላለች። የመጣልን ፋይል ከቅጂ ቅጂ የተገለበጠ ነው። ኪቦርዲስቱ ከኪቦርዱ ጋር ሊያስተያየው ሲሞክር ዘፈኑ ከሁለት ቁልፎች መሃል ወደቀ። እንግዲህ ሰዉ ለዓመታት ፍጥነቱ የተዛባ ዘፈን ሲሰማ ኖሮ፣ ዛሬ ደግሞ የዘፈኑን ባለቤት «ለምን አልገጠምሽም» ይላል።

ኪቦርዲስቱ የድሬ ልጅ ነው። «አቦ፣ ባንዱ እዚህ ቆሞ ምን አፍ ያስከፍተናል? ላይቭ እንሥራው!» አለ። ዳይሬክተሩ አቅማማ፤ እትዬ ግን ወንበር ስበው ኪቦርዱ አጠገብ ቁጭ አሉ። በድሮው ቶን፣ ማለትም በድሮው የድምፅ ከፍታ ሞከሩት፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። አንድ ቶን ዝቅ አለ። አሁንም አልተመቻቸውም። ሁለት ቶን ሲወርድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ማስቆም አልቻለም። ድምፁ ወፍሯል፣ ጫፉ ላይ ሻካራ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ለኔ ከካሴቱ ይበልጣል። ይህን የምለው ለአክብሮት ብዬ አይደለም፣ ሚክሰሩ ላይ ተቀምጬ ስለሰማሁት ነው።

ለኪቦርድ ቶን መቀየር አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ለሳክስፎኒስቱ ግን ጣቱ ያደገበትን ሁሉ ማፍረስ ነው። እሱ በሰዓት እላፊ ዘመን፣ በር ተዘግቶ እስኪነጋ በሚጫወቱት የሆቴል ባንዶች ውስጥ ያለፈ ሰው ነው። የሳክስፎኑ አፍ ላይ የምትገባው ሸምበቆ እንዳትደርቅ አፉ ውስጥ ይዞ፣ በጣቱ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ ዘፈኑን ከላይ እስከ ታች ሄደበት። ሌላ ጣጣም ነበር፦ ሙቀት የትንፋሽ መሣሪያን ቶን ከፍ ያደርገዋል፣ የጊታር ክርን ደግሞ ያላላዋል። መብራቱ ሲበራ ሁለቱ ተራራቁ። ሳክስፎኒስቱ አፍ መያዣውን ትንሽ ወደ ውጭ ሳበው፣ ጊታሪስቱ ክሩን ወጠረ፣ ተገናኙ። ስለዚህ መብራት በርቶ፣ መድረኩ ከሞቀ በኋላ ነው መቃኘት።

ፕሮግራሙ በዋዜማው ሲተላለፍ የእትዬ ዘፈን ሙሉውን ወጣ። ሌሎቹ ጊዜ ስላልነበረ በፕሌይባክ ነው የተቀረጹት፣ ይሄ እስካሁን ይከነክነኛል። ዓሊ ቢራን ያፈራች ከተማ ናት ይቺ። አዛውንት ሲዘፍን መስማት ለኛ ብርቅ አይደለም። አንጋፋን ጠርቶ በገዛ ድምፁ እንዳይዘፍን ማድረግ ግን ግብዣ አይባልም።

ከዚያ ወዲህ የበዓል ሥራ ሲመጣልኝ ውል ሳልፈርም ለድምፃውያኑ ራሴ እደውላለሁ። «ዛሬ በየትኛው ቶን ይመችዎታል?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ ኪቦርዲስቱ በዚያ ቶን ሠርቶ በስልክ ይልክላቸዋል፣ እቤታቸው ይለማመዱበታል። ከቀረጻው በፊት የግማሽ ቀን ልምምድ፣ መድረክ ላይ ወንበርና ውኃ፣ የራሳቸውን ድምፅ የሚሰሙበት፣ ለነሱ ብቻ የሚሆን ሞኒተር (ድምፅ ማጉያ) እንዲኖር ውሉ ላይ አስገባለሁ። የሙዚቀኞቹ ክፍያም «አጃቢ» ተብሎ እንዳይቀነስ ከድምፃውያኑ ጋር አብሮ ይጻፋል። አንዳንድ አዘጋጅ በዚህ ምክንያት ሥራውን ለሌላ ሰጥቶብኛል።