የጓሮዬን መደብ ከሰፈር ድመቶች እንዴት እንዳስጣልኩ

ካሮት ልዘራበት አፈሩን ስኮተኩት፣ ጓሉን ስከሰክስና በመዳፌ ሳስተካክል ዋልኩና ዘሩን ለማግሥቱ አሳደርኩት። ማለዳ ስወጣ እንደ ዱቄት ባደቀቅኩት መደብ ላይ ሦስት ትናንሽ ጉብታዎች ተደርድረዋል። ፍልፈል የገባ መስሎኝ አንደኛውን በባዶ እጄ ገለጥ አደረግኩት። ያገኘሁት የድመት ኩስ ነበር፤ እጄን ደጋግሜ በሳሙና ብታጠብም ሽታው እስከ ማታ ከጣቴ አልለቀቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከሦስት ድመቶች ጋር ስታገል ኖሬአለሁ። አንዷ ግራጫ፣ የአጥር ጎረቤቴ ድመት ናት፤ ሁለተኛው፣ ጥቁርና ነጭ የሆነው ወንድ፣ የማን እንደሆነ እስካሁን በውል አላውቅም፤ ሦስተኛዋ ባለቤት የላትም። ከሞከርኳቸው ነገሮች ብዙዎቹ ባይሞከሩ ይሻል እንደነበር አስቀድሜ ልናገር።

ጉዳዩን የሽታና የንዴት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ የመራባት ዑደቱን የሚያጠናቅቀው በድመትና በድመት ዘመዶች አንጀት ውስጥ ነው፤ አንዲት ድመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ገደማ ለሚሆን ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንቁላል መሰል ፍሬዎቹን ከኩሷ ጋር ታስወጣለች። ፍሬዎቹ ወዲያው እንደወጡ አይበክሉም፤ ለመብሰል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቀው ያልፈዋል፤ ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ብትያዝ ግን ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ ይችላል፤ ሰውነታቸው በሽታን የመከላከል አቅሙ በተዳከመባቸው ሰዎች ላይም ይጠናል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያለ ጓንት አፈር አልነካም፤ ሰላጣውንም በሚፈስ ውሃ ቅጠል በቅጠል ሳላጥብ አልበላም። ኩሱን ወደ ኮምፖስቱ (ከቅጠላ ቅጠልና ከፍግ የሚበሰብስ ማዳበሪያ) ክምር መወርወሬንም ያን ጊዜ አቆምኩ፤ በመኖሪያ ቤት ጓሮ የሚከመር ኮምፖስት ፍሬዎቹን የሚገድል ሙቀት ላይ መድረሱ አያስተማምንምና በከረጢት ቋጥሮ መጣሉ ይሻላል።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የተፈጨ በርበሬ መነስነሴ ነው። ሰው ሁሉ የሚመክረው እርሱን ነበር፤ እኔም ሳላመዛዝን በመደቡ ዙሪያ በተንኩት። በሦስተኛው ቀን ግራጫዋ ድመት አጥሩ ሥር ተቀምጣ መዳፏን ትልሳለች፤ በላሰችው መዳፍ ፊቷን ታብሳለች፤ ባበሰች ቁጥር አንድ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ታራግፋለች። በርበሬው አፍንጫዋን የሚያርቅ መስሎኝ ነበር፤ እርሷ ግን መጀመሪያ በእግሯ ረግጣው፣ ቀጥላ በምላሷና በዓይኗ ተቀበለችው። ድመት ራሷን በመላስ የምታጸዳ እንስሳ መሆኗን እያወቅኩ ይህን አለማሰቤ እስካሁን ያሳፍረኛል። በዚያ ላይ አንድ ካፊያ ዝናብ በርበሬውን ጠርጎ ወሰደው፤ በማግሥቱም ጉብታው በቦታው ነበር። የብርቱካን ልጣጭ ጉዳት ባይኖረውም እንደደረቀ ሽታው ይጠፋል፤ በየሁለት ቀኑ የሚቀይረው ሰው ካለ ይሞክረው። በልብስ መሐል ለብል መከላከያ የሚቀመጠውን ናፍታሊን እንድበትን የመከረኝም ነበር፤ ለድመት፣ ለውሻም ሆነ ለሕፃን መርዝ በመሆኑ፣ ያውም የሚበላ ነገር በሚበቅልበት አፈር ላይ፣ እንቢ አልኩ። ከዕፅዋት የሚጨመቁ ጠንካራ የሽታ ዘይቶችም እንዲሁ ናቸው፤ የድመት ጉበት በውስጣቸው ያሉትን አንዳንድ ንጥረ ነገሮች አጣርቶ ለማስወገድ የሚያስችለው ኢንዛይም በበቂ መጠን ስለሌለው፣ ሰው ላይ ምንም የማያደርስ ጠብታ ድመትን ሊመርዛት ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ማባረሩን ትቼ መመልከት የጀመርኩት። የጓሮውን ንድፍ በደብተር ላይ ነድፌ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል በየማለዳው ኩስ የተገኘበትን ቦታ በነጥብ ምልክት አደረግኩ። ነጥቦቹ የወደቁት ባዶ በሆነ፣ በደረቀና በቅርቡ በተቆፈረ አፈር ላይ ብቻ ነበር። ሰላጣው ቅጠል ለቅጠል ተነካክቶ አፈሩን በሸፈነበት መደብ ላይ አንድም ነጥብ የለም፤ ከቧንቧው የሚንጠባጠበው ውሃ ሁልጊዜ በሚያርሰው ጥግም የለም። ከነጥቦቹም ብዙዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው አራት ቦታ ብቻ የተከማቹ ነበሩ። ድመት ኩሷን ቆፍራ ለመቅበር የምትሻ፣ የቀድሞ ሽታዋንም ተከትላ ወደዚያው ቦታ የምትመለስ እንስሳ ናት፤ እኔ ደግሞ በየሳምንቱ አፈር እያለሰለስኩ መጸዳጃ ሳዘጋጅላት ኖሬአለሁ። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባል የለ? አመሏን መቀየር ስለማልችል መሬቱን መቀየር ነበረብኝ።

ሥራውን ከጽዳት ጀመርኩ። በአራቱ ቦታዎች ላይ ኩሱን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው አፈር በአካፋ አንስቼ በሌላ አፈር ተካሁት። ወንዱ ሽንቱን የሚረጭበትን የመደብ ጠርዝ ድንጋይ መጀመሪያ አሞኒያ ባለበት የጽዳት ፈሳሽ አጥቤው ስለነበር ነገሩን አባብሼዋለሁ፤ ሽንት ራሱ አሞኒያ አሞኒያ ስለሚሸት፣ ወንዱ ሌላ ድመት ቦታውን የነጠቀው ይመስል ደጋግሞ ረጨበት። ሽንትን የሚሰባብር ኢንዛይም ያለበትን ፈሳሽ አፍስሼ በራሱ ጊዜ እንዲደርቅ ስተወው ግን ሽታው ለቀቀ።

ከሁሉ ይልቅ የረዳኝ የሽቦ መረብ ነው። ቀዳዳው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን መረብ በመደቡ ልክ ቆርጬ አፈሩ ላይ ጠፍጣፋ አድርጌ ዘረጋሁት፤ ሹል ጫፎቹን በፒንሳ ወደ ታች አጠፍኳቸው፤ ጠርዙንም በየግማሽ ሜትሩ በቆልማማ ሽቦ ከመሬት ጋር ቸነከርኩት። ላዩ ላይ ስስ አፈር ቢበተን ከሩቅ አይታይም። ድመት ልትቆፍር ስትሞክር ጥፍሯን ሽቦው ያግደዋል፤ አይጎዳትም፣ አያስደነግጣትም፣ ነገር ግን ቁፋሮው አልሆን ይላታል። ግራጫዋ በመጀመሪያው ምሽት መደቡ ላይ ወጥታ በቀኝ እግሯ ሁለቴ ጫር ጫር አደረገች፤ እግሯን አንሥታ ትንሽ አሰበች፤ በግራዋ ሞከረች፤ ከዚያም ሰው እንዳላያት ሁሉ ጅራቷን አቁማ ሄደች። በመስኮት ሆኜ ሳያት ከሳቅ ይልቅ እፎይታ ነው የተሰማኝ። ግን እዚህም ላይ ተሳስቻለሁ። ካሮቱ በመረቡ ቀዳዳ ወጥቶ፣ አናቱ ወፍሮ፣ በመከር ጊዜ ከሽቦው ጋር ተቆላልፎ አስቸገረኝ፤ ግማሹን ሰብሬ ነው የነቀልኩት። አሁን ሥሩ ለሚወፍር ተክል መረቡን የማነጥፈው ዘሩ እስኪበቅል ድረስ ብቻ ነው፤ ቡቃያው ሁለት ጣት ያህል ሲደርስ አነሣውና በረድፎቹ መሐል ቀጫጭን እንጨቶችን በየ15 ሴንቲ ሜትሩ አቆማለሁ፤ ድመት ዞራ የምትቀመጥበት ስፋት እንዳታገኝ ማለት ነው።

አፈርን መሸፈን በአጠቃላይ ጥሩ ነው፤ የሚሸፈንበት ነገር ግን ይለያያል። መጀመሪያ ያነጠፍኩት ሰጋቱራ ከራሱ ከአፈሩ የበለጠ ምቹ መጸዳጃ ሆነ፤ ገንዘቤን አውጥቼ አሸዋቸውን የቀየርኩላቸው ያህል ነው። ሻካራ የቅርንጫፍ ስብርባሪና እንቁላል የሚያክል ጠጠር ግን አልተደፈረም። ውሃ ማጠጣትንም በተመለከተ፣ ድመቶች ይበልጥ የሚንቀሳቀሱት ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ስለሆነ አመሻሹ ላይ አፈሩን አርስ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ የሚያድር ቅጠል ግን ሻጋታና ቀንድ አውጣ ስለሚጋብዝ፣ አሁን አመሻሽ ላይ የማጠጣው ምንም ያልበቀለባቸውን ባዶ ቦታዎች ብቻ ነው።

መሣሪያም ገዝቻለሁ። እንቅስቃሴ ሲያይ ውሃ የሚረጨው መሣሪያ በእውነት ይሠራል፤ ጥቁርና ነጩ ወንድ ሁለት ጊዜ ከተረጨ በኋላ በዚያ በኩል አላለፈም። እኔ ግን አምስት ጊዜ ተረጭቻለሁ፤ አንዱን ጊዜ ለሥራ ለብሼ ስወጣ ነው። የውሃ ጎማው ሁልጊዜ ተከፍቶ መዋል ስላለበት መገጣጠሚያው ያንጠባጥባልና ያንን መከታተል ያስፈልጋል። ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚያወጣው መሣሪያ ደግሞ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነው፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ሲሆን የድመት ጆሮ ከ60 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ይይዛል። ባለቤት የሌላት ድመት ለሳምንት ያህል ከሸሸች በኋላ ግን ከመሣሪያው አጠገብ ተጋድማ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ገንዘቤን መልሱልኝ ማለት አማረኝ።

ብዙ ሰው የሚስቅብኝ በሚቀጥለው ነው፤ እኔ ግን ያለ እርሱ መረቡ ብቻውን አይበቃም ነበር ብዬ አምናለሁ። ከመደቦቹ ራቅ ባለ፣ ከዝናብ በተከለለ ጥግ ላይ፣ ወርዱና ርዝመቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሬ በደረቅ አሸዋ ሞላሁት፤ አጠገቡም የናና ዘመድ የሆነውን ካትኒፕ ተከልኩ። ካትኒፕ ከሦስት ድመቶች ሁለቱን ያህል ይማርካል ይባላል፤ የሚገርመው በእኔም ጓሮ ልክ ሁለቱ ሲንከባለሉበት ሦስተኛዋ ዞር ብላም አላየችው። ቦታውን እንዲለምዱት ከመደቡ ካነሣሁት የረከሰ አፈር ጥቂት አሸዋው ላይ ጣል አደረግኩ። አራት ቀን ምንም አልሆነም፤ በአምስተኛው የመጀመሪያው ጉብታ ታየ። «ድመት ወደ ጓሮህ እየጠራህ ነው» ለሚሉኝ መልሴ፣ ሳልጠራቸውም ይመጡ ነበር የሚል ነው። ጓንት አጥልቄ በየቀኑ መጥረግ አለብኝ፤ አንድ ጊዜ ለስምንት ቀን ሄጄ ሳልጠርገው ብቆይ አሸዋው ቆሽሾባቸው ወደ ሽንኩርቱ ተመልሰው ነበር።

ከጎረቤቴ ጋር የተነጋገርኩት እጅግ ዘግይቼ ነው። «እማማ፣ ድመትዎ መደቤን መጸዳጃ አደረገችው» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ድመት ታስራ ትኖራለች እንዴ?» አሉኝ። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ በኋላ ግን እርሳቸውም ድመቷ በየጊዜው እየወለደች እንዳስቸገረቻቸው ነገሩኝና እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደን እንዳትወልድ አስደረግናት። ለእርሷ የሚመጡት ወንዶች ከዚያ በኋላ ጋብ አሉ፤ በጠርዙ ድንጋይ ላይ የነበረው የሽንት ርጭትም አብሮ ቀነሰ። በአጥሩ ላይ ከመቆጣት ይልቅ ይህን ንግግር በመጀመሪያው ሳምንት ባደርገው ኖሮ ያን በርበሬ አልበትነውም ነበር።

አሁን በሳምንት አንድ ጉብታ እንኳ የማላገኝባቸው ጊዜያት ይበዛሉ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሽንኩርቱን ነቅዬ፣ መደቡን ኮትኩቼ፣ መረቡን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፍኩት መሸብኝና «ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል» ብዬ ገባሁ። እሑድ ማለዳ ልክ በመሐሉ፣ በጥንቃቄ የተከደነች አንዲት ጉብታ ቆየችኝ።