የኤጀንሲ ሥራ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚደወለው የት ነው?

ሚኒሶታ ውስጥ በኤጀንሲ በኩል ዌርሃውስ እሠራ ነበር። ለፈረንጆች ገና ዕቃ ሲበዛ ይቀጥሩናል። ጃንዋሪ ላይ ሥራው ይቀዘቅዝና «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጡ» የሚል ቴክስት ይደርሰናል። የዚያን ቀን ሁላችንም የአንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚሰጥ ክፍያ) ማመልከቻ ለመሙላት ተጣደፍን። አብሮን የሚሠራ አንድ ጋሼ ግን «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ኤጀንሲው ጋ ደውል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዌርሃውሱ አሠሪያችን አይደለም። ደመወዝ የሚከፍለን ኤጀንሲው ነው፤ በሕግም አሠሪያችን እሱ ነው። በሚኒሶታ ሕግ፣ የተመደቡበት ሥራ ባለቀ በ5 ቀን ውስጥ ኤጀንሲውን ሌላ ሥራ ካልጠየቁ፣ በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ በገዛ ፈቃድ እንደለቀቁ ይቆጠራል። ቅዳሜና እሁድም ከ5ቱ ቀን ውስጥ ናቸው። ሥራ በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው አይፈቀድለትም። ተባርሮ ሳለ «ለቀህ ነው» መባል ያማል!

ደንቡ ኤጀንሲውንም ያስገድደዋል። ሲቀጥራችሁ ይህን ግዴታ በግልጽ የሚናገር፣ ለብቻው የተዘጋጀ ወረቀት አስፈርሞ ቅጂውን ሊሰጣችሁ ይገባል። ይህን ካላደረገ የ5 ቀኑን ደንብ ሊጠቅስባችሁ አይችልም። ስለዚህ ተከልክላችሁ ይግባኝ የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ ያ ወረቀት የት እንዳለ ጠይቁ።

እኔ ደወልኩ፤ ወዲያው ደግሞ በኢሜይል ጻፍኩ። «ሥራዬ አልቋል፣ ሌላ ካላችሁ ዝግጁ ነኝ» የሚል አጭር ጽሑፍ ነው። በኋላ ኤጀንሲው «ሌላ ሥራ አልጠየቀም» ብሎ ክፍያውን ለሚወስነው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መልስ ሰጠ። ኢሜይሉን ከነቀኑ ላክሁላቸው፣ ክፍያውም ተፈቀደልኝ። ኢሜይሉ ባይኖረኝ ኖሮ የእኔ ቃልና የእነሱ ቃል ብቻ ነበር የሚፋጠጠው። እባካችሁ በስልክ ብቻ አትተዉት።

ማመልከቻውን ሥራ ባቆማችሁበት ሳምንት አስገቡ፤ የሚታሰብላችሁ ካመለከታችሁበት ሳምንት እሁድ ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት አይከፈልም። ከዚያ በየሳምንቱ ክፍያ መጠየቅ አለባችሁ፤ ዝም ካላችሁ ይቆማል። ኤጀንሲው የሚመጥናችሁን ሥራ ሰጥቷችሁ እምቢ ብትሉም ሊያስከለክላችሁ ይችላል።

አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን ብር መጠየቅ ያፍራሉ፤ እንደ ልመና ያዩታል። እኔ በጣም ይቆጨኛል። ይህ ኢንሹራንስ ነው። አሠሪዎች እኛን በማሠራታቸው ግብር እየከፈሉ ያጠራቀሙት ገንዘብ ነው፤ የሌሊት ሺፍት ያደረ ሰው ሲጠይቀው አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም።

መሃል ላይ ጥቂት ሰዓት ሥራ ብታገኙ ሳትደብቁ ተናገሩ። በሳምንት ከ32 ሰዓት በታች ከሠራችሁና ያገኛችሁት ከሳምንቱ ክፍያ ካነሰ፣ ከክፍያው የሚቀነሰው የገቢያችሁ ግማሽ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ደውላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አይከፈልበትም።