ግርሃም ሃንኮክና የኦሪዮን ቀበቶ፦ ልኬቱ እስካሁን የደረሰበት

ግርሃም ሃንኮክን ብዙዎቻችን የምናውቀው ስለ አክሱሙ ጽላት በጻፈው ነው። የኢኮኖሚስት መጽሔት የምሥራቅ አፍሪካ ዘጋቢ የነበረው ይህ ብሪታኒያዊ ጋዜጠኛ በኋላ በበረዶ ዘመን ማብቂያ ስለጠፋ ታላቅ ሥልጣኔ መጻፍ ጀመረ። ከሚያቀርባቸው ማስረጃዎች አንዱ መሐንዲሱ ሮበርት ቦቫል ያመነጨው ነው፦ ሦስቱ የጊዛ ፒራሚዶች ኦሪዮን በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ቀበቶ የሚባሉትን ሦስት ከዋክብት ይደግማሉ፤ የሚገጥሙትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10,500 ግድም ከነበረው ሰማይ ጋር ነው።

ልብ በሉ፤ ሃንኮክና ቦቫል ፒራሚዶቹ ያኔ ተሠሩ አይሉም። ግንባታውን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2,500 ግድም ትተው ወደ ኋላ የሚወስዱት ንድፉን ነው። ስለዚህ የካርቦን ዕድሜ ወይም በዋዲ አል ጃርፍ የተገኘውን፣ ለኩፉ ፒራሚድ ድንጋይ ያጓጓዘውን የሜረርን የሥራ መዝገብ ማቅረብ ክርክራቸውን አይነካውም። የሚነካው ፒራሚዶቹን የሚያገናኘው መስመርና ከዋክብቱን የሚያገናኘው መስመር ከሰሜን ደቡብ መስመር ያላቸውን ዝንባሌ መለካት ነው።

የምድሩ ልኬት ቀላል ነው። የትልቁ የኩፉ ፒራሚድ መካከል 29.9792 ሰሜን፣ 31.1342 ምሥራቅ ላይ ነው፤ የትንሹ የመንካውሬ 29.9725 እና 31.1283። ልዩነቱ ወደ ሜትር ሲቀየር በሰሜን ደቡብ 740፣ በምሥራቅ ምዕራብ 570 ያህል ይሆናል። ከሰሜን አቅጣጫ 38 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው።

ሰማዩን ስቴላሪየም በተባለው የሰማይ ማሳያ የኮምፒውተር ፕሮግራም እዩት። በኤፍ 6 ቦታውን ጊዛ አድርጉ፤ በኤፍ 5 ዓመቱን ‎-10499 አስገቡ። ፕሮግራሙ ዜሮ ዓመትን ስለሚቆጥር ‎-10500 ብትጽፉ አንድ ዓመት ትስታላችሁ፤ ለዚህ ልኬት ግን ለውጥ አያመጣም። ቀን ከሆነ ከባቢ አየሩን አጥፉት። የቀበቶው መካከለኛ ኮከብ አልኒላም በትክክል ደቡብ ላይ (አዚሙት፣ ማለትም ከሰሜን የሚቆጠረው አቅጣጫ፣ 180) ስትደርስ ሰዓቱን አቁማችሁ ከኩፉ ጋር የሚጣመረውን የአልኒታክንና ከመንካውሬ ጋር የሚጣመረውን የሚንታካን አዚሙትና ከፍታ መዝግቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአዚሙት ልዩነት በከፍታው ኮሳይን መባዛት አለበት። በ10,500 ቀበቶው ከአድማስ 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ስለሚል ስሕተቱ አይታወቅም። በ2,500 ግን ከፍታው ወደ 46 ዲግሪ ስለሚጠጋ ማባዛቱን የዘለለ ልዩነቱን ከ40 በመቶ በላይ አግንኖ ያወጣዋል። ከዚያ የተባዛውን ለከፍታው ልዩነት አካፍሉና የታንጀንቱን ግልባጭ ውሰዱ።

ውጤቱ በ10,500 ወደ 50 ዲግሪ ይመጣል። ከ38 ጋር የ12 ዲግሪ ልዩነት ነው፤ «ፍጹም ገጠመ» ለተባለ ነገር በጣም ብዙ። የኬፕታውኑ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አንቶኒ ፌራልም ይህንኑ ልዩነት አግኝቷል። በ2,500 ዝንባሌው ከ70 ያልፋል፤ ከ10,500 ወደ ኋላ ሲኬድ ደግሞ ወደ 38 እየቀረበ ይሄዳል። ታዲያ የተሻለ የሚገጥመው ዓመት ሌላ ሆኖ ሳለ 10,500 የተመረጠበት ምክንያት ከልኬቱ የመጣ አይደለም።

ቀጥሎ የሚቀረው ሦስተኛው ነጥብ (በምድር መንካውሬ፣ በሰማይ ሚንታካ) በሌሎቹ ሁለት ነጥቦች ከሚያልፈው መስመር የሚያፈነግጥበትን መጠን ማወዳደር ነው። እሱን ስትሠሩ የጊዛን ካርታ ደቡቡን ወደ ላይ አዙሩት፤ አለዚያ ትንሹ ፒራሚድ ከሚንታካ ጋር አይገናኝም።